“በኃላፊነት ይጠጡ” ብለው ከጻፉት ሰዎች አንዱ ነኝ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። የቸኮላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት። ግሮሰሪ ቁጭ ብላችሁ ብታነቡትም ቅር አይለኝም።

ባለፈው ሰኞ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን፣ ከዚያ “አንድ አሪፍ ሥራ መጥቷል” አለኝ። ገንዘቡን የሚያወጣው ቢራ ፋብሪካ ነው። ግን ማስታወቂያ አይደለም፣ “የኅብረተሰብ ግንዛቤ ማስጨበጫ” ነው። አጫጭር ቪዲዮዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ውይይት፣ ቲሸርት፣ ኮፍያ። ርዕሱ በኃላፊነት ስለ መጠጣት። “ስክሪፕቱን አንተ ጻፍልን፤ ከዚህ በፊት ሠርተኸዋል፣ ታውቀዋለህ” አለኝና ክፍያውን ነገረኝ። ክፍያው ጥሩ ነው። በዚህ ኑሮ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

“ትንሽ አስቤበት ልመልስልህ” አልኩት። ይህን የምጽፈው እያሰብኩ ነው።

አዎ፣ ከዚህ በፊት ሠርቼዋለሁ። የቢራ ማስታወቂያ በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ እንደ ልብ በሚፈስበት ዘመን አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የድርጅቱንም የደንበኛውንም ስም አልጠራም፤ አስፈላጊ አይደለም፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነበር። አንድ ቀን “ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን የምንወጣበት” ዘመቻ አዘጋጁ ተባልን። እኔ የጻፍኩት የአንድ ወጣት ታሪክ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል፣ ይስቃል፣ ሲወጣ የመኪናውን ቁልፍ ለማይጠጣው ጓደኛው ይሰጣል። መጀመሪያ በጻፍኩት ላይ አስተናጋጇ “ልጨምር?” ስትለው ወጣቱ “ይበቃኛል፣ ከሁለት አላልፍም” ይል ነበር።

ስብሰባው ላይ የደንበኛው ተወካይ ያቺን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘቻት። ክፉ ሰው አልነበረችም። እንዲያውም በጣም ጨዋ፣ ቡና አዝዛ የምትጋብዝ፣ “ጎበዝ ነህ” የምትል ሴት ነበረች። “ቁጥር አናስገባ” አለች። “ቁጥር ሰው ያሸማቅቃል። መጠኑን ደንበኛው ራሱ ያውቃል።” ማንም አልተከራከረም። እኔም አልተከራከርኩም። ቁልፉ ቀረ፣ ሁለቱ ወጣ። ቪዲዮው ሲያልቅ የፋብሪካው ቀለም በሞላበት ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት የሚያማምሩ ወጣቶች ይስቃሉ፣ ከታች “በኃላፊነት ይጠጡ” ይላል። ተጨበጨበ። ቲሸርትም ታተመ።

ከቲሸርቱ አንዱን ለአጎቴ ወሰድኩለት።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሁላችንም “ጋሼ” ነበር የምንለው። ጡረታ እስኪወጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ሰክሮ ያየው ሰው የለም። ስለ ሞተ ላሳምርለት ብዬ አይደለም፤ ሠፈሩን ብትጠይቁ ይመሰክራል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግሮሰሪ ይገባል፣ ሁልጊዜ አንዷ ጥግ ላይ። ሦስት ጃምቦ፣ ብዙ ጊዜ አራት። መዝጊያው ላይ አንዳንዴ አንድ መለኪያ አረቄ፣ “ለሆድ”። ሁለት ሰዓት ተኩል ቤቱ ነው። ዱቤ የለበትም፣ አይጮህም፣ ከሰው አይጣላም። መኪና ኖሮትም አያውቅ። ሁዳዴ ሲገባ ሃምሳ አምስቱን ቀን ጠብታ አይቀምስም፤ “ሱሰኛ ብሆን ይሄን እችል ነበር?” ይለናል። እኛም “እውነቱን ነው” እንላለን።

ቲሸርቷን ቅዳሜ ቅዳሜ ይለብሳት ነበር። “እኔ እኮ የማስታወቂያህ ሰው ነኝ” ይለኛል እየሳቀ። “በኃላፊነት ነው የምጠጣው!” ደስ ይለኝ ነበር። ጽሑፌ ከሰው አፍ ሲወጣ የማይደሰት ጸሐፊ አለ?

ከዚያ መክሳት ጀመረ። ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ ግን ይነፋል። “ጨጓራ ነው” ተባለ፣ ተልባ ተጠጣ፣ ጠበል ተሞከረ። የዓይኑ ነጩ ቢጫ ሲሆን እናቴ እያለቀሰች ሐኪም ቤት ወሰድነው። አንዲት ወጣት ዶክተር ነበረች። “አባባ፣ አልኮል ይጠጣሉ?” አለችው። “በኃላፊነት ነው ልጄ” አላት። ቃል በቃል። እሷ አልሳቀችም። “ስንት?” አለችው።

ክፍሉ ውስጥ ፀጥ አለ። ከእኛ መሀል ስንት ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። እናቴም፣ ሚስቱም፣ የንስሐ አባቱም፣ እኔም። ጋሼ ሒሳብ ሠራተኛ ነውና በጣቱ ቆጠረ፤ “በቀን አራት በይው።” “በሳምንት?” “ሃያ ስምንት።” “ስንት ዓመት ሆነዎት?” ወደ ሠላሳ ይጠጋል አለ። ጻፈችው። በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጉበቱ እንደ ጠነከረና ጊዜው እንዳለፈበት ነገረችን። ስምንት ወር ቆየ።

ፋብሪካው ገደለው እያልኩ አይደለም። አንድም ቀን በግድ አላጠጡትም፤ ጋሼ ራሱ ብር ከፍሎ የገዛው ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ይህ ሰው በዘመቻችን መለኪያ ቢመዘን ከመቶ መቶ ያገኝ ነበር። አልነዳም፣ አልተደባደበም፣ ለልጅ አልሸጠም፣ ቤተሰቡን አላስራበም። “ኃላፊነት” ያልነው ነገር ሁሉ የጠባይ ነው፤ ጉበት ደግሞ ጠባይ አይቆጥርም። ጉበት የሚቆጥረው ያቺ ተወካይ በእስክሪብቶ የሰረዘችውን ነው።

የእንግሊዝ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ለወንድም ለሴትም አንድ ዓይነት ጣሪያ አስቀምጠዋል። በእነሱ መለኪያ በሳምንት 14 “ዩኒት” ነው። 5 በመቶ አልኮል ባለው 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ስናሰላው ስምንት ተኩል ቢራ ይሆናል። በሳምንት! ጋሼ ይህን በሁለት ቀን ከትንሽ ይጨርሰው ነበር። ያም ሆኖ ከስምንት በታች የጠጣ ምንም አይሆንም ማለት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ስጋት የሌለው የአልኮል መጠን የሚባል ነገር እንደሌለ በግልጽ ተናግሯል። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ይህን ስሰማ ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት አልፎ ነበር፣ ያውም ስለ አልኮል “ግንዛቤ” እየጻፍኩ እንጀራ የበላሁ ሰው ሆኜ። አንድም የዘመቻ ወረቀት ላይ አላየሁትም።

ለምን አይጽፉትም? ተንኮል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት እንግሊዝ ውስጥ የአልኮል ሽያጭ ገቢ ከማን ኪስ እንደሚመጣ አስልቶ ነበር። ከገቢው 68 በመቶ የሚመጣው ከዚያ ከተመከረው ጣሪያ በላይ ከሚጠጡ ሰዎች ነው። ከሕዝቡ 4 በመቶ ብቻ የሆኑት፣ ራሳቸውን በሚጎዳ መጠን የሚጠጡት፣ ለብቻቸው 23 በመቶውን ገቢ ይሸፍናሉ። ጠጪው ሁሉ ነገ ጠዋት ተነስቶ በልኩ ልጠጣ ቢል የኢንዱስትሪው ገቢ 38 በመቶ ይወድቃል ይላል ጥናቱ። የእኛን አገር የሚመለከት እንዲህ ያለ ስሌት አላየሁም፤ ግን የትኛውም ግሮሰሪ ባለቤት “የሚያኖርህ ደንበኛ የቱ ነው?” ብትሉት በወር አንዴ የሚመጣውን አያሳያችሁም። ጥግ ላይ ያለውን ጋሼን ነው የሚያሳያችሁ።

እንግዲህ “በልክ ጠጡ” የሚለውን ትምህርት የሚከፍልልን፣ ሰው በልኩ ቢጠጣ ከገቢው ሲሶ በላይ የሚያጣው ወገን ነው። ጅብን ሥጋ ጠብቅ ማለት ነው።

ሄኒከን በራሱ ሪፖርቶች “ሄኒከን” የተባለውን ቢራ ለማስተዋወቅ ከሚያወጣው የሚዲያ በጀት 10 በመቶውን በኃላፊነት ስለ መጠጣት ለሚያስተምሩ መልዕክቶች እንደሚመድብ ይገልጻል። እሰየው። ቀሪው 90 በመቶስ? አሥሩም ቢሆን የፋብሪካውን ስም ተሸክሞ ነው የሚወጣው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፎርሙላ ዋን ውድድር ላይ “የሚነዳ አይጠጣም” እያለ ያስተምራል፣ ትምህርቱ ላይ ግን ትልቁ ጽሑፍ የቢራው ስም ነው። እኔም ያኔ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ያ ቪዲዮ የቢራ ማስታወቂያ ነበር፣ ጨዋ ልብስ የለበሰ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ዘመቻው ሳይሆን ዘመቻው የሚከፍተው በር ነው። ይህን ታሪክ ሳነብ እውነት ለመናገር ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ2010 የኖርዌይ ተመራማሪዎች “አዲክሽን” በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ነው። የአራት የአፍሪካ አገሮችን ረቂቅ ብሔራዊ የአልኮል ፖሊሲ ጎን ለጎን አድርገው አዩ፤ ሌሴቶ፣ ማላዊ፣ ኡጋንዳ፣ ቦትስዋና። አራቱም በአወቃቀርም በአነጋገርም አንድ ናቸው ለማለት ይቻላል። ከሰነዶቹ የአንዱን የኮምፒውተር ፋይል መረጃ ከፍተው “ጸሐፊ” የሚለውን ሲያዩ፣ የያኔው ግዙፍ የቢራ ኩባንያ የሳብሚለር ሠራተኛ ስም ተገኘ። የመንግሥት ፖሊሲ ነው እኮ! ይዘቱስ? ኢንዱስትሪውን “ዋና አጋር” ያደርጋል፣ ትምህርትና ግንዛቤን ያስቀድማል፤ ይሠራሉ ተብሎ በጥናት የተረጋገጡትን እንደ ዋጋና ሽያጭ ቁጥጥር ያሉትን ነገሮች ግን እየመረጠ ያልፋል።

ትምህርቱ የሚፈለገው ለዚህ ነው። “እኛ እያስተማርን ነው፤ ስለዚህ ታክስ አትጨምሩ፣ ማስታወቂያ አትከልክሉ” ለማለት።

“ትምህርት ምን ይጎዳል?” የሚል ይኖራል። እውነተኛ ትምህርት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ካናዳ ውስጥ ዩኮን በሚባል ግዛት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ጠርሙሶች ላይ “አልኮል ካንሰር ሊያመጣ ይችላል” የሚል መለያ ለጥናት መለጠፍ ተጀመረ። ቁጥርም ነበረበት፣ በቀን ስንት የሚል። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው የኢንዱስትሪው ማኅበራት ተቃወሙ፣ ቆመ። በኋላ ሲቀጥል የካንሰሩ መለያ አልተመለሰም። እዚህ “ቁጥር ሰው ያሸማቅቃል” ያለችኝ ሴትዮ ያንን ነገር ከራሷ ያመጣችው አልነበረም ማለት ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። እኛ በዚህ ጉዳይ ሳናወራለት የቀረ ጥሩ ነገር ሠርተናል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ መጠጥ የሚሸጥለትን ሰው ዕድሜም ከ18 ወደ 21 ከፍ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 1186 መጣ። ያኔ እኔ ሥራ ካጡት አንዱ ነበርኩ፣ አዋጁን ስሰድብ ነበር። “ሰው ማስታወቂያ አይቶ ነው እንዴ የሚጠጣው?” እያልኩ። (ታዲያ ፋብሪካዎቹ ያን ሁሉ ሚሊዮን ያፈሰሱት ለጽድቅ ነበር? ይህን ራሴን ለመጠየቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።) ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ የአንዱን ቢራ መዝሙር ከፊደል ቀድማ ነው የቻለችው። ታናሿ አንድም አይችልም። ይህን ያመጣው የማንም የግንዛቤ ዘመቻ አይደለም፤ ሕግ ነው።

ስለዚህ የሰኞው ስልክ እንግዳ ነገር አይደለም። በር ሲዘጋ መስኮት ይፈለጋል። “ጠጡ” ማለት ካልተቻለ “በኃላፊነት ጠጡ” ይባላል፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስም ተገብቶ። ከተማሪው መሀል ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው አለ፤ ሕጉ ጨርሶ አይሸጥለት ያለውን ልጅ ስለ አጠጣጥ ሥነ ሥርዓት ማስተማር ምን ይሉታል?

አውቃለሁ፣ ኮመንት ላይ የምትሉኝን። “ጠላውስ? አረቄውስ? ጠጁስ? ፋብሪካ ላይ ብቻ ለምን?” ልክ ናችሁ። በዚህ አገር በጓዳ የሚጠመቀውና በየሠፈሩ የሚወጣው ብዙ ነው፤ አርሲ ነገሌን ያየ ያውቃል። ጋሼም መዝጊያው አረቄ ነበር። ግን አረቄ የምታወጣው እናት ሆቴል ተከራይታ ወርክሾፕ አታዘጋጅም፣ የፖሊሲ ረቂቅ ይዛ ሚኒስቴር አትሄድም። ለእሷ ሌላ መተዳደሪያ፣ ሌላ ሥራ ነው የሚያስፈልጋት፣ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። የገብስ ገበሬውና የፋብሪካው ሠራተኛ ጉዳይም እንደዚያው ቀላል አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ይህን ሲያነብ እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ።

“የሚነዳ አይጠጣም” የሚለውንም ላጣጥል አልፈልግም። የሲኖትራክ ሹፌር ጠጥቶ እንዲነዳ የሚፈልግ ጤነኛ ሰው የለም። ግን እሱን ትራፊክ ፖሊስ በትንፋሽ መለኪያ ያስቁመው፣ መንገድ ደኅንነት ያስተምረው። የመኪና ቁልፍን የኃላፊነት ሁሉ ምልክት አድርጎ፣ መኪና የሌለውን አብዛኛውን ሰው “አንተ ደህና ነህ” ብሎ ማሰናበት ነው ያቃጠለኝ። ጋሼን ያሰናበትነው እንደዚያ ነው።

“ሰው አዋቂ ነው፣ የራሱ ኃላፊነት ነው” ለምትሉኝም እስማማለሁ። ግን አዋቂ ሰው የሚወስነው ሲነገረው ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ቁጥር ቢሰጡት ይገባው ነበር። ያ ሰው የአምስት ሳንቲም ጉድለት ፍለጋ ሌሊቱን የሚያድር ሰው ነበር እኮ! በሳምንት ስምንት ተኩል የሚል ወረቀት አንድ ቀን እጁ ቢገባ ምን ያደርግ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ያው ይጠጣ ነበር። ብቻ ዕድሉን አልሰጠነውም።

ያሰብኩትን ማክሰኞ ማታ በቴሌግራም ላክሁለት። እጽፋለሁ፣ ግን ሦስት ነገር አለኝ አልኩት። አንደኛ፣ ቁጥር ይገባል፤ በጠርሙስም በጃምቦም፣ በሳምንት ስንት እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ካንሰርና ጉበት የሚሉት ቃላት በስማቸው ይጠራሉ። ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚያጸድቁት ከፋብሪካው አንድ ብር የማይቀበሉ ሐኪሞች ናቸው፤ የፋብሪካው ስምና ቀለም የትም አይታይም። ገንዘቡ ከእነሱ ይምጣ፣ ግን በታክስ መልክ መጥቶ ጤና ሚኒስቴር ቢያሠራው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፣ ያኔ በግማሽ ክፍያም እሠራለሁ አልኩት።

በድምፅ መለሰልኝ፣ እየሳቀ። “አንተ ሰውዬ አልተለወጥክም” አለኝ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ጻፈልኝ፤ ጠይቋቸዋል። ሦስተኛው አይታሰብም። ሁለተኛውን ካወጣሁት ግን ስለ አንደኛው “ሊነጋገሩበት” ይችላሉ፤ በቁጥሩ ፋንታ “መጠንዎን ይወቁ” ቢባልስ አሉ። ክፍያው ላይም ትንሽ ይጨምራሉ።

እስካሁን አልመለስኩለትም። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ስድብም ቢሆን አነባለሁ።